ጥርሱ የሳሳው ከፊት ነው ከጀርባ?

ልጁ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ፊቱን ያጨማድዳል? የፊት ጥርሱ ጫፍ ብርሃን ያሳልፋል? እየቦረሸም ጥርሱ ቢጫ እየሆነ ነው? ኢናሜሉ፣ ማለትም የጥርሱ ጠንካራ ሽፋን፣ በአሲድ እየተበላ ሊሆን ይችላል። ቢጫው ቆሻሻ ላይሆን ይችላል፤ ሽፋኑ ሲሳሳ ከስር ያለው የጥርስ አካል ነው ብቅ የሚለው። አጥብቆ መፈግፈግ ደግሞ ያባብሰዋል።

እስቲ በትንሽ መስታወት እዩት።

ከንፈር የሚነካው የፊቱ ገጽ ከሳሳ መጀመሪያ ለስላሳውን፣ ኢነርጂ ድሪንኩንና ሎሚ መምጠጡን ጠርጥሩ። ኢናሜል ፒኤች (የአሲድ መለኪያ፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) 5.5 አካባቢ ሲደርስ መሟሟት ይጀምራል፣ ኮላ ደግሞ 2.5 ገደማ ነው። ስኳር የሌለውም ያው ነው፣ አሲዱ አልቀረለትም። አንዱን ጠርሙስ ከሰዓቱን ሙሉ ፉት እያሉ መዋል ከምግብ ጋር ጠጥቶ ከመጨረስ ይከፋል። ጥርስ ያነጣል ተብሎ በሎሚ ማሸትማ ይቅር!

የላይኞቹ የፊት ጥርሶች ጀርባ፣ ምላስ የሚነካው በኩል፣ ከተበላ ግን አሲዱ ከሆድ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቃር አለው? ጠዋት አፉን ይኮመጥጠዋል? ሐኪም ይየው፣ ጨጓራው ሳይታከም ጥርሱን ብቻ ማከም ትርፉ ድካም ነው። ሌላም አለ፣ ለመናገር የሚከብደው፦ ውፍረት ፈርቶ ወይም ፈርታ ከምግብ በኋላ ሆን ብሎ ማስመለስ። በበላች ቁጥር ወዲያው መታጠቢያ ቤት የምትገባ ልጅ ካለች አትቆጧት፣ ቁጣ ይበልጥ ያስደብቃታል። ቀስ ብላችሁ አነጋግሯትና ከሐኪም፣ ከአእምሮ ጤና ባለሙያም ጋር አገናኟት።

ካስመለሰ በኋላ ወዲያው መቦረሽ አይገባም፣ የለሰለሰውን ሽፋን ጠርጎ ይወስደዋል። በውሃ ይጉመጥመጥና አንድ ሰዓት ይቆይ።

የአስም መንፊያና አንዳንድ የአለርጂ ክኒኖችም አፍ ያደርቃሉ፣ ምራቅ ሲያንስ አሲዱን የሚያረክስ ይጠፋል። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ከተነፋ በኋላ አፉን ይጉመጥመጥ።

ወንጂን በመሰለ የስምጥ ሸለቆ አካባቢ ላደገ ልጅ ግን ቡናማው ጥርስ በውሃው ውስጥ ከመጠን በላይ ካለው ፍሎራይድ ከሚባል ማዕድን የመጣ ሊሆን ይችላል። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

የሄደ ኢናሜል አያድግም፣ የሚሠሩት ሴሎች ጥርሱ ሲበቅል ያልቃሉ። የቀረውን በለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ያዙት፣ ከቦረሸ በኋላ አረፋውን ይትፋ እንጂ በውሃ አይታጠብ። የጎደጎደውን የጥርስ ሐኪም ቀለሙ ጥርስ በሚመስል መሙያ ሊሞላው ይችላል። ከመሄዳችሁ በፊት የአራት ቀን መጠጡን ጻፉ፣ ማታ አልጋ ላይ የሚጠጣትንም ጭምር።