ሃርድ ዲስክ፣ ኤስኤስዲ ወይስ ፍላሽ? ለፋይልዎ የሚስማማውን ማከማቻ ለመምረጥ

ማከማቻ ከመግዛትዎ በፊት መረጃ በውስጡ እንዴት እንደሚቀመጥ ቢረዱ ምርጫው ይቀልልዎታል። ሃርድ ዲስክ ማግኔታዊ ሽፋን ያላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ የሚሽከረከሩ ሳህኖች ያሉት ሲሆን፣ ከሳህኑ ወለል በላይ ለዓይን በማይታይ ክፍተት የሚንሳፈፍ ጭንቅላት የማግኔቱን አቅጣጫ እየቀየረ ይጽፋል፤ አቅጣጫውን እየለየም ያነባል። በሥራ ላይ ሳለ ቢወድቅ ጭንቅላቱ ሳህኑን ሊቧጭር ስለሚችል፣ መሽከርከሩን ሳያቆም አያንቀሳቅሱት። በዋጋው ብዙ ቦታ ስለሚሰጥ ግን ለቪዲዮና ለፎቶ ክምችት አሁንም ተመራጭ ነው።

ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም፤ መረጃውን የሚይዘው በጥቃቅን ሕዋሳት ውስጥ በሚታገቱ ኤሌክትሮኖች ነው። ከሃርድ ዲስክ ይልቅ ፈጣን ስለሆነ ዊንዶውስንና ፕሮግራሞችን በእሱ ላይ ይጫኑ። ላፕቶፕዎ በሃርድ ዲስክ የሚሠራና የዘገየ ከሆነ፣ አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ዲስኩን በኤስኤስዲ ማስቀየር በእኔ እምነት ከሁሉ የሚቀድም እርምጃ ነው። ይሁንና ሕዋሳቱ በተጻፉና በተሰረዙ ቁጥር ያረጃሉ፤ ለረጅም ጊዜ ኃይል ሳያገኙ ሲቀመጡም ኤሌክትሮኖቹ ቀስ በቀስ ሊያመልጡ ይችላሉ።

ፍላሽ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ስለሆነ ለማጓጓዣ እንጂ ለብቸኛ ማስቀመጫነት አይጠቀሙበት። ኮምፒውተሩ ጽፎ ያልጨረሰው መረጃ ሊኖር ስለሚችል፣ ከመንቀልዎ በፊት ኢጀክት የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ። የመመረቂያ ጽሑፍዎንና የቤተሰብ ፎቶዎችዎን በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ ይያዙ፤ አንዱንም ቅጂ ከቤትዎ ውጭ ያስቀምጡና በየጊዜው እየከፈቱ መነበቡን ያረጋግጡ።