ዋርድ (የሆስፒታል መኝታ ክፍል) ላይ ስህተት ሲፈጠር ሪፖርቱ እንዴት ይጻፋል?

መጀመሪያ በሽተኛው፤ ወረቀቱ ይደርሳል። የተሳሳተ መድኃኒት እየሄደ ከሆነ አቁሙት፣ የደም ግፊትና ትንፋሽ ለኩ፣ ተረኛ ሐኪሙን ጥሩ። አምፑሉንና ሲሪንጁን ግን እንዳትጥሏቸው! ቆሻሻ ውስጥ ከገቡ በኋላ «ምን ነበር የተሰጠው?» ብሎ መጨቃጨቅ ትርፉ ድካም ነው።

ሁኔታው ሲረጋጋ ዱቲያችሁ ሳያልቅ ጻፉ። «ነገ እጽፈዋለሁ» ብሎ የጻፈ ሰው ብዙም አይታይም።

ምን ይጻፍ? ያያችሁትና ያደረጋችሁት ብቻ። «ነርሷ በቸልተኝነት የተሳሳተ መድኃኒት ልትሰጥ ነበር» የሚል ሪፖርት ለማንም አይጠቅምም። ይልቅ እንዲህ ይሁን፦

«ከሌሊቱ 8 ሰዓት (በአበሻ)። ለአልጋ 6 ታካሚ በደም ሥር የገባውን ቱቦ ለማጠብ ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ተፈልጎ ከመሳቢያው የወጣው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። ሁለቱ አምፑሎች አንድ መሳቢያ ውስጥ ናቸው፣ መልካቸውም ይመሳሰላል። መብራት ስለጠፋ ጽሑፉ የሚነበበው በስልክ ባትሪ ነበር። ከመሰጠቱ በፊት ሁለተኛዋ ነርስ አይታ አስቆመች።»

የመጀመሪያው ሪፖርት ተቆጥተው የሚረሱት ነገር ነው። ሁለተኛው የትኛው መሳቢያ መስተካከል እንዳለበት ይነግራችኋል። ፖታሲየም ክሎራይድ ሳይበረዝ በደም ሥር ባንዴ ከተገፋ ልብ ያቆማል፣ ስለዚህ ከተራ አምፑሎች ጋር መቀመጥ የለበትም፤ ፋርማሲ ወይም የተቆለፈ ቦታ፣ በትልቁ ተጽፎበት። ሰዓቱንም በአበሻ ይሁን በፈረንጅ ለይታችሁ ጻፉ፤ ቻርቱ (የታካሚው የሕክምና መዝገብ) በአንዱ፣ ሪፖርቱ በሌላው ሆኖ ስድስት ሰዓት ሙሉ ሲጠፋ ታያላችሁ።

ከላይ ያለው ታካሚ ምንም አልሆነም። ቢሆንም ይጻፋል! «ተርፏል እኮ፣ ምን አስጨነቀህ» የሚል አይጠፋም፣ ግን ማንም ሳይጎዳ ከሚገኝ ትምህርት የረከሰ የለም።

ቻርቱ ላይ የሚሰፍረው ለሕክምናው የሚያስፈልገው ነው፦ ምን ተሰጠ፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ታየ፣ ምን ተደረገ። የተሳሳተ ቃል ካለ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ፈርሙበት፣ እንዳይነበብ አድርጋችሁ አታጥፉት። ስህተቱ ታካሚው ጋ ከደረሰ ደግሞ ለእሱና ለቤተሰቡ የታወቀውን ያህል ይነገራቸው፣ በኮሪደር ወሬ ከመስማታቸው በፊት።

የክፍል ኃላፊ ከሆናችሁ አንድ ነገር ልበላችሁ፦ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «ማን ነው?» ከሆነ በቀጣዩ ወር የሪፖርት ሳጥኑ ባዶ ይሆናል፣ እናንተም «ተሻሻልን» ብላችሁ ታወራላችሁ። ሪፖርት የመጣ ጊዜ ምን እንደተቀየረ ሞርኒንግ (የጠዋቱ ስብሰባ) ላይ ተናገሩ። ገና ካልተቀየረም ማን እንደያዘውና መቼ እንደሚያልቅ ንገሯቸው።

ጉዳቱ ከራሱ ከመድኃኒቱ መሰላችሁ? ወይ ቀለሙ ተለውጧል፣ ዝቃጭ አለው? ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በቢጫው ቅጽ (የመድኃኒት ችግር ማሳወቂያው) ወይም በነፃ ስልክ 8482 አሳውቁ። እርግጠኛ መሆን አይጠበቅባችሁም፣ ጥርጣሬ ይበቃል። ብቻ ባች ቁጥሩን (የምርት መለያውን) ከካርቶኑ ላይ ገልብጡ።