ህዝቡ በወረዳው አገልግሎት ረክቷል ወይ? በትክክል እንዴት ይለካል

የእርካታ ጥናት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ገና ሲጀመር ነው፣ መጠይቁን የሚያድለው ራሱ መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ሰራተኛ ሲሆን ማለቴ ነው። መታወቂያው ገና ያልተፈረመለትን ሰው "ረክተዋል ወይ?" ብትሉት ምን እንዲላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ "እግዚአብሔር ይስጥልን ጥሩ ነው" ብሎ ፈርሞ ይወጣል። ያ ቁጥር ይሉኝታን ነው የሚለካው፣ አገልግሎቱን አይደለም።

ስለዚ መጀመሪያ የሚወሰነው ማን ይጠይቅ፣ የት ይጠይቅ የሚለው ነው። ጠያቂዎቹ ከወረዳው ሰራተኛ ውጭ ይሁኑ፣ የእድር ሰው፣ የሴቶች ወይ የወጣቶች ማህበር አባል፣ የኮሌጅ ተማሪ ይሆናል፣ ቦታውም ቤት ለቤት ቢሆን በጣም ይመረጣል። ምክንያቱም ቢሮ ውስጥ የምታገኙት የመጣውን ሰው ብቻ ነው፣ ሰልችቶት የቀረው፣ ልጅ የሚይዝላት አጥታ ያልመጣችው፣ ደረጃ መውጣት የማይችለው፣ ለጉዳይ አስፈጻሚ ከፍሎ ያስጨረሰው እዛ የለም፣ የነሱ ድምፅ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያስፈልጋል። የአስተያየት ሳጥንም ቢኖር ጥሩ ነው ግን በጣም የተናደደና በጣም የተደሰተ ብቻ ነው የሚጽፍበት፣ ማንበብ የማይችል ሰው ደግሞ ጭራሽ አይጠቀመውም።

ጥያቄው ላይ ጊዜ ውሰዱ። "በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል?" የሚለውን መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ ከሱ በፊት የሆነውን ነገር ጠይቁ፦ ባለፈው 1 ዓመት ወረዳ የሄዱት ለምን ጉዳይ ነው፣ ለመታወቂያ ነው፣ ለልደት ሰርተፊኬት ነው፣ ለንግድ ፈቃድ ነው? ጉዳዩ እስኪያልቅ ስንት ጊዜ ተመላለሱ? የሚያስፈልገውን ሰነድ በሙሉ መጀመሪያውኑ ነግረውዎታል ወይስ በየቀኑ አንድ አንድ እየጨመሩ? ሳያልቅ ሲቀር የተሰጠዎት ምክንያት ምን ነበር፣ ሲስተም የለም፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው፣ ፋይሉ ጠፋ? ይሄ እኮ የሚስተካከል መረጃ ነው፣ "በመጠኑ ረክቻለሁ" የሚል መልስ ይዞ ግን የትኛው መስኮት ይስተካከል እንደሚባል አይታወቅም። የዜጎች ቻርተር ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ ደግሞ ስራችሁ ግማሽ አለቀ ማለት ነው፣ ቻርተሩ ለዚህ አገልግሎት ይሄን ያህል ሰዓት ብሎ ቃል ገብቷል፣ ሰዉ የጠበቀውን ጊዜ ከሱ ጎን አስቀምጡት።

ስለ ገንዘብ ፊት ለፊት "ጉቦ ሰጥተዋል?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ ማንም አዎ አይልም። "እዚ ሰፈር ሰው ይሄን ጉዳይ ለመጨረስ ደረሰኝ ከሚቆረጥበት ውጭ ስንት ያወጣል?" ቢባል ግን ብዙ ሰው ይናገራል። ስምና የቤት ቁጥር መጠይቁ ላይ አይጻፍ፣ እንደማይጻፍም ለሰዉ አሳዩት። ትልልቅ ሰዎችን እማማ፣ አባባ ብላችሁ ቁጭ ብላችሁ አናግሩ፣ ፎርሙን ራሳችሁ እየሞላችሁ።

ስንት ሰው ይበቃል ለሚለው፣ 100 ሰው ጠይቃችሁ 70ው ረክቻለሁ ቢል እውነተኛው ቁጥር በግምት ከ61 እስከ 79 በመቶ መካከል ነው፣ 400 ከሆነ ከ65 እስከ 75 ገደማ ይጠባል። ይሄ ግን የሚሰራው ሰዎቹ በእጣ ሲመረጡ ነው፣ ከየቀጠናው አንድ መነሻ ቤት በእጣ አውጥታችሁ ከዛ በየ10ኛው ቤት መሄድ ይቻላል። የምታውቁትን ሰው ብቻ ከጠየቃችሁ 1000ም አይረባም። ውጤቱን ስትጽፉም በአገልግሎት ለይታችሁ፣ ሴትና ወንድ ለይታችሁ ጻፉት እንጂ አንድ አማካይ ብቻ ማውጣት የልደት ሰርተፊኬት አገልግሎቱ ጥሩነት የመሬት አገልግሎቱን ችግር እንዲሸፍነው ማድረግ ነው።

ለመጠይቅ አቅም ከሌላችሁ የማህበረሰብ ውጤት መስጫ ካርድ የሚባለው አለ፣ በኢትዮጵያ በማህበራዊ ተጠያቂነት ፕሮግራም ብዙ ወረዳ ላይ ተሰርቶበታል። ሴቶች፣ ወጣቶች፣ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞች በየራሳቸው ቡድን ተሰብስበው መለኪያውን ራሳቸው ያወጣሉ፣ ከ1 እስከ 5 ይሰጣሉ፣ ሰራተኞቹም ለብቻቸው ራሳቸውን ይመዝናሉ፣ ከዛ ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ተገናኝቶ ማን፣ ምን፣ እስከ መቼ እንደሚያስተካክል ይጽፋል። ሰራተኛውም የሚናገረው አለው፣ ፕሪንተር የለም፣ ለዚህ ሁሉ ሰው 1 ባለሙያ ነው ያለው፣ ይሄም መሰማት አለበት።

ውጤቱን ሳትደብቁ ለነዋሪው መልሱለት፣ በእድር ስብሰባ አንብቡት፣ በር ላይ ለጥፉት። ህንድ ውስጥ ባንጋሎር ከተማ በ1994 እ.ኤ.አ. የዜጎች ሪፖርት ካርድ፣ ማለትም ነዋሪው ተጠይቆ ለከተማው አገልግሎቶች ነጥብ የሰጠበት ጥናት ሲወጣ በጋዜጣ ታትሞ ነው ሁሉም ሰው ያየው፣ በ1999 ሲደገም ለውጡ ትንሽ ነበር፣ በ2003 ግን የነዋሪው እርካታ በግልጽ ተሻሽሎ ተገኘ። ለውጡ የታየው ሲደጋገም ነው።

ስትደግሙ ታዲያ ጥያቄውን አትቀይሩ፣ ወሩንም ጭምር። ሐምሌ ግብር የሚከፈልበት ወር ስለሆነ ሰልፉ ሌላ ነው፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ ሲደርስ ደግሞ ሁሉም የልደት ሰርተፊኬት ይፈልጋል፣ ስለዚ ዘንድሮ ጥር ላይ ከለካችሁ ለሚቀጥለውም ጥርን ጠብቁ።