ከቤት እየሠሩ እንዳይዝሉ፦ ከመሙላት በፊት መድፈን

ከቤት ሆኖ ሲሠራ ለዛለ ሰው የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፦ ስፖርት ጀምር፣ እረፍት ውሰድ። ክፉ ምክር አይደለም፤ ቅደም ተከተሉ ግን አይዋጥልኝም። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ስቴቫን ሆብፎል እ.ኤ.አ. በ1989 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ፣ ሰው ካገኘው ይልቅ ያጣው ይበልጥ ይሰማዋል። ስለዚህ አቅም የሚያፈስሰውን ቀዳዳ መድፈኑ ይቅደም።

መጀመሪያ ድካሙን ይለዩት። የዓለም ጤና ድርጅት በርንአውትን (ሥር በሰደደ የሥራ ጫና የሚመጣ መዛልን) የሚያየው እንደ በሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር እንደተያያዘ ክስተት ነው። መለያዎቹም ሦስት ናቸው፦ አቅም መሟጠጥ፣ ሥራውን መጥላት ወይም በስሜት ከሱ መራቅ፣ ውጤታማነት መቀነስ። ሁለት ቀን አርፈው የሚለቅዎት ድካም ከሆነ ተራ ድካም ሳይሆን አይቀርም።

ቀጥሎ ለአንድ ሳምንት፣ ማታ ማታ «ዛሬ ምን አደከመኝ?» ብለው ሁለት መስመር ይጻፉ። መልሱ ሁልጊዜ የሥራ ብዛት አይሆንም። አለቃዎ አመሻሽ ላይ «ነገ እናውራ» ብሎ ጽፎ ይጠፋል እንበል። ቢሮ ቢሆን ፊቱን አይተው ነገሩ ቀላል መሆኑን ይገምቱ ነበር፤ ቤት ውስጥ ግን ያቺን አጭር መልእክት ሲያብሰለስሉ ያድራሉ። እንዲህ ያለውን ሳያሳድሩ «ስለ ምን እንደሆነ ቢነግሩኝ ተዘጋጅቼ እመጣለሁ» ብለው ይመልሱ። ከባልደረቦችዎ ጋርም ጉዳዩን ሳይጠቅሱ ቀጠሮ ላለመላክ ይስማሙ። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ግን ከብዙ የሜዲቴሽን አፕሊኬሽን ይሻላል ባይ ነኝ።

ሦስተኛው ሥራን መዝጋት ነው። የመጨረሻዎቹን አሥር ደቂቃዎች የት እንዳቆሙና ነገ በምን እንደሚጀምሩ ለመጻፍ ይተዉአቸው። ያልተጻፈ ሥራ አልጋ ድረስ ይከተላል። ላፕቶፑን ከዓይን ያርቁት፤ የሥራ መልእክት ማሳወቂያም ከስልክዎ ይጥፋ።

መሙላቱ ከዚህ በኋላ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዛቢነ ዞነንታግና ሻርሎት ፍሪትዝ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ከሥራ ለማገገም አራት ነገሮችን ለይተዋል፦ ከሥራ በሐሳብ መለየት፣ መዝናናት፣ አዲስ ነገር መልመድና በራስ ጊዜ ላይ ማዘዝ። ብዙዎቻችን ሦስተኛውን እንዘለዋለን፤ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስልክ መነካካት ግን ሁልጊዜ እረፍት አይሆንም።

ሥራው ራሱ ከአቅም በላይ ከሆነ ይህ ሁሉ አያድንም። የያዙትን ሥራ ዘርዝረው ለአለቃዎ ይላኩና «የትኛው ይቅደም፣ የትኛውስ ይቆይ?» ብለው ይጠይቁ። ተስፋ መቁረጡ ከሥራ ውጭ ባለው ሕይወትዎም ከገባ ደግሞ ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ለማየት ቀን አይቁጠሩ።