ሩት ሲደረግ ሎጎ ላይ የቀረ ስልክ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ይሄን ምፅፈው አንድ አይነት ብልሽት እጄ ላይ ስለተመላለሰ ነው። ባህር ዳር ስልክ ጥገና ላይ ከተቀመጥኩ ጀምሮ በኮምፒውተር ሩት ሊደረግ (የስልኩ ሲስተም ላይ ሙሉ ስልጣን ሊወሰድ) ተሞክሮ መሀል መንገድ ላይ የቀረ ስልክ ሳይመጣ የሚያልፍ ሳምንት ብርቅ ነው፣ ሚያመጡት ደግሞ አብዛኞቹ የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የፔዳና የፖሊ ግቢ ተማሪዎች ናቸው፣ ስልኩ ሎጎ ላይ ይደርሳል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ይበራል፣ እንደገና ይጠፋል። ዴቨሎፐር ኦፕሽን (የተደበቀው ሴቲንግ) ቢልድ ቁጥሩን፣ የሶፍትዌሩን እትም ቁጥር ማለት ነው፣ 7 ጊዜ በመንካት እንደሚከፈት፣ ዩኤስቢ ደቢጊንግ ስልኩ ከኮምፒውተር ትዕዛዝ እንዲቀበል እንደሚያደርግ፣ ቡትሎደር፣ ስልኩን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ሲከፈት ስልኩ ላይ ያለው ነገር በሙሉ እንደሚጠፋ ታውቃላችሁ ብዬ ነው ምጀምረው። ይሄን ያላወቀ ሰው እባካችሁ ስልኩን ገና ኮምፒውተር ላይ አይሰካው፣ መጀመሪያ ፎቶውንና ስልክ ቁጥሮቹን ሌላ ቦታ ያስቀምጥ።

ኮምፒውተሩ ስልኩን አያየውም

ኤዲቢ፣ ስልኩን በኬብል የሚያዘው የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ላይ ኤዲቢ ዲቫይስስ ብላችሁ ዝርዝሩ ባዶ ከመጣ ድራይቨር (ኮምፒውተሩ ስልኩን የሚያውቅበት ፕሮግራም) ከመነካካታችሁ በፊት ኬብል ቀይሩ። መንገድ ላይ በርካሽ ከሚሸጠው ኬብል ውስጥ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ብዙ አለ። አንድ ልጅ "ኬብሉ ይሰራልኮ፣ ይኸው ቻርጅ ያደርጋል" እያለ ሲከራከረኝ አስፈቅጄው በምላጭ ሰነጠቅኩት፣ ውስጡ ቀይና ጥቁር ሁለት ቀጫጭን ሽቦ ብቻ፣ በቃ። ዳታ የሚያሳልፍ ኬብል ከነዚህ ሌላ አረንጓዴና ነጭ ሽቦ አለው። ልጁ በዚህ ኬብል ሁለት ቀን ሙሉ ድራይቨር ሲጭንና ሲያጠፋ ነው የከረመው፣ እንዲህ አይነት እቃ ለሰው መሸጥ በጣም ያናድደኛል።

ኬብሉ ደህና ከሆነ የስልኩን ቻርጅ ማድረጊያ ቀዳዳ በባትሪ አብርታችሁ እዩት፣ የኪስ ብናኝ ተጠቅጥቆበት ከሆነ በእንጨት አውጡት፣ በመርፌ እንዳይሆን።

አንኦተራይዝድ (ፍቃድ የለውም) ካለ ስልኩን ክፈቱና ፍቃድ ስጡት፣ ጥያቄው ካልመጣ ዴቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ የድሮውን ፍቃድ ሰርዛችሁ እንደገና ሰኩት።

ኤዲቢ ላይ እየታየ ፋስትቡት፣ ሲስተሙ ሳይነሳ ፋይል የሚጫንበት ሞድ፣ ውስጥ ሲገባ "ዌይቲንግ ፎር ዲቫይስ" ብሎ የሚቆመው ግን ሌላ ነገር ነው። ስልኩ ፋስትቡት ውስጥ ሲገባ ለዊንዶውስ ሌላ እቃ ነው፣ ሌላ ድራይቨር ይፈልጋል። ዲቫይስ ማናጀር ክፈቱ፣ ቢጫ ምልክት ያለበትን አንድሮይድ የሚለውን ያዙና ከዝርዝሩ ውስጥ አንድሮይድ ቡትሎደር ኢንተርፌስ የሚለውን ራሳችሁ ምረጡለት። እሱም ካልሆነ ሰማያዊውን የዩኤስቢ 3.0 ቀዳዳ ትታችሁ 2.0 ላይ ሰኩት፣ በተለይ ራይዘን ፕሮሰሰር ያለው ኮምፒውተር ላይ ይሄ ብዙ ጊዜ ይፈታዋል።

ኦኢኤም አንሎክ (ቡትሎደር ለመክፈት የሚፈቅደው ምርጫ) የለም ወይ ደብዝዞ አይነካም

ከአሜሪካ በዘመድ የመጣ ሳምሰንግ ሞዴል ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ዩ የሚል ፊደል ካለው አትድከሙ፣ ቡትሎደሩ በመደበኛ መንገድ አይከፈትም። "እከፍትልሃለሁ" ብሎ ብር የሚቀበላችሁን ሰው አትመኑ። ሻዎሚ ከሆነ አካውንታችሁን በሲም ዳታ፣ በዋይፋይ ሳይሆን፣ ከስልኩ ጋር ካሰራችሁ በኋላ የተወሰነ ሰዓት ጠብቁ ይላል፣ ድሮ ብዙ ጊዜ 168 ሰዓት ነበር፣ ጠብቁ፣ መሀል ላይ ከአካውንቱ ወጥታችሁ ከገባችሁ ቆጠራው እንደገና ሊጀምር ይችላል። ሳምሰንግ ላይ ቡትሎደሩ ከተከፈተ በኋላ ወዲያው ፋይል አትጫኑበት፣ መጀመሪያ ኢንተርኔት አገናኙትና ኦኢኤም አንሎክ በርቶ ደብዝዞ መቀመጡን በአይናችሁ እዩ፣ ይሄን ዘሎ የመጣ ሁሉ ኦዲን (የሳምሰንግ ፋይል መጫኛ) ላይ ኦፊሻል ያልሆነ ፋይል አልቀበልም የሚል መልዕክት ነው የሚገጥመው።

የገዛችሁበትን ማሳየት የማትችሉትን የሰው ስልክ ግን ይዛችሁ አትምጡ፣ አልነካውም።

ሎጎ ላይ የሚቀረው

ዋናው እሱ ነው፣ እጄ ላይ ሚመጣው አብዛኛውም ይሄው ነው። መንስኤውም ሁሌ ማለት ይቻላል አንድ ነው፦ የሌላ ቢልድ (የሌላ ሶፍትዌር እትም) ቡት ፋይል ተጭኖበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማጂስክ፣ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ያለው የሩት ማድረጊያ አፕ ማለት ነው፣ ሲስተሙን ሳይነካ ቡት ኢሜጅ የሚባለውን ፋይል አስተካክሎ ነው ሩት የሚሰጠው። ቡት ኢሜጁ ውስጥ የሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነሉና ስልኩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚነበበው ራምዲስክ አሉ። የዋይፋዩ፣ የታቹ፣ የድምፁ ድራይቨር ግን አብዛኛው ሌላ ክፍል ላይ በሞጁል (ለብቻው በሚጫን ቁራጭ) መልክ ነው ያለው፣ እነዛ ሞጁሎች የተሰሩት ለዛው ቢልድ ከርነል ነው። የሌላ ቢልድ ከርነል ስታመጡበት አልጫንም ይላሉ። ስለዚህ ወይ ሎጎ ላይ ይቀራል፣ ወይ ደግሞ ይነሳና ዋይፋዩ አይበራም፣ ይባስ ሲል ስክሪኑ እየበራ ታቹ አይሰራም።

ሰው ሁሉ "ሞዴሉኮ አንድ ነው" ይለኛል። ሞዴል አንድ መሆኑ አይበቃም! አንድ ሞዴል በየጊዜው አፕዴት ሲወጣለት ቢልድ ቁጥሩ ይቀየራል፣ የየሀገሩም ይለያያል። ቢልድ ቁጥሩ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው አሃዝ አንድ መሆን አለበት፣ አንዷ አሃዝ ከተለየች ያ ፋይል የናንተ አይደለም።

ባለፈው የመጣ የፔዳ ተማሪ ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው "ፓች የተደረገ፣ የተሞከረ" ብሎ የለጠፈውን፣ በማጂስክ የተስተካከለ ማለት ነው፣ ፋይል አውርዶ ነው የጫነው። ስልኩ ተነሳ፣ ሩትም አገኘ፣ ዋይፋይ ግን አልበራ አለ። ለሁለት ሳምንት የዋይፋይ አይሲው (ቺፑ) ተቃጥሏል ብለው ቦርዱን ሊያሞቁበት ነበር! ሰው በፋይል የተበላሸን ስልክ በሙቀት ይገድለዋል። ቢልድ ቁጥሩን አየሁ፣ ከርነል ቨርዥኑን አየሁ፣ የተሰሩበት ወር አይገናኝም። የራሱን ቢልድ ቡት ፋይል አውጥቼ መለስኩለት፣ ዋይፋዩ እዛው በራ።

ሌላው የዘጌ ሰው ናቸው፣ በሞተር ጀልባ ሰው ወደ ገዳማቱ የሚያመላልሱ ትልቅ ሰው። የእህታቸው ልጅ ስልካቸውን ሩት አድርጎላቸው ወር ሙሉ ሰርቷል። አንድ ማታ አፕዴት መጣ፣ ነኩት፣ ተጫነ፣ ሩቱ ጠፋ። ልጁ ደግሞ ላፕቶፑ ላይ ያስቀመጠውን ያንኑ የድሮ ፓች ፋይል መልሶ ጫነበት፣ ስልኩ ሎጎ ላይ ቀረ። ፋይሉኮ የራሱ ስልክ ፋይል ነው፣ ግን ሲስተሙ አልፎት ሄዷል። እኔ ጋ ሲመጡ ልጁ ሪከቨሪ (የመጠገኛ ሜኑ) ውስጥ ገብቶ ፋክተሪ ሪሴት፣ ዳታውን በሙሉ ማጥፋት፣ ሊያደርገው አንድ ጣት ነው የቀረው። "ልጄ፣ ሌላው ይቅር፣ የልጄን ሰርግ ፎቶ ብቻ አውጣልኝ" አሉኝ ጀልባ ገመድ በሻከረው እጃቸው ስልኩን ይዘው። ፎቶው ምንም አልሆነም ነበር፣ ቡት ክፍሉ ሌላ ነው፣ የሰው ዳታ ያለበት ክፍል ሌላ ነው። የአዲሱን ቢልድ ቡት ፋይል ጫንኩ፣ ስልኩ ተነሳ፣ ፎቶዎቹም በቦታቸው አሉ።

ስለዚህ ሎጎ ላይ ሲቀር ፋክተሪ ሪሴት አታድርጉ። ደግሜ እላለሁ፣ አታድርጉ። የተበላሸው ቡት ፋይሉ እንደተበላሸ ነው ሚቀመጠው፣ የሚጠፋው ፎቷችሁ ብቻ ነው።

ማስተካከያው ይሄ ነው። መጀመሪያ ስልኩ ላይ በትክክል ያለውን ቢልድ እወቁ። ሪከቨሪ ስትገቡ ከላይ በትንንሽ ፊደል ይፅፈዋል፣ ግን ሁለት ስሎት (ኤና ቢ የሚባሉ ሁለት የሲስተም ቦታዎች) ያላቸው ስልኮች ላይ ሪከቨሪው ብዙ ጊዜ ራሱ ቡት ውስጥ ስለሚቀመጥ የሚያሳያችሁ የጫናችሁትን የሰው ፋይል ቁጥር ሊሆን ይችላል፣ እሱ ላይ ተጠንቀቁ። ቁጥሩን ካወቃችሁ የዛኑ ቢልድ ሙሉ ፈርምዌር (የፋብሪካውን ሶፍትዌር) አውርዳችሁ ቡት ኢሜጁን አውጡና በፋስትቡት ጫኑት። ከአንድሮይድ 13 ጋር የወጡና ከዛ ወዲህ ያሉ ብዙ ስልኮች ላይ ራምዲስኩ ኢኒት ቡት የሚባል ሌላ ፋይል ውስጥ ስለሆነ ያበላሻችሁት የትኛውን እንደሆነ ለዩ፣ ኢኒት ቡት አበላሽታችሁ ቡት ብትመልሱ ለውጥ የለውም። ስሎት ካለው ፋስትቡት ጌትቫር ከረንት ስሎት ብላችሁ በየትኛው እንደሚነሳ እዩ፣ ኤ ላይ ጭናችሁ ቢ ላይ እየተነሳ የሚደክም ሰው አይቻለሁ።

ቁጥሩ ጭራሽ ካልታወቀ ሙሉውን ፈርምዌር ዳታ ሳይነካ ጫኑ። ሳምሰንግ ላይ ኦዲን ውስጥ ሲኤስሲ በሚለው ቦታ ዳታ የማያጠፋውን ሆም ሲኤስሲ የሚለውን ፋይል አስገቡ። ሻዎሚ ላይ ግን ሚ ፍላሽ፣ የሻዎሚ መጫኛ ፕሮግራም፣ ሲከፈት ከታች ራሱ የመረጠው "ክሊን ኦል ኤንድ ሎክ" ነው፣ ይሄ ዳታውንም ያጠፋል ቡትሎደሩንም ይቆልፋል፣ ሳታዩ እንዳትጫኑት፣ ሴቭ ዩዘር ዳታ የሚለውን ምረጡ።

በሚቀጥለው ሩት ስታደርጉ ደግሞ የራሳችሁን ቡት ፋይል በራሳችሁ ማጂስክ ፓች አድርጉ። ቡት ፋይሉን ፓች ካደረጋችሁ መጀመሪያ ሳትጭኑት ፋስትቡት ቡት በሚለው ለአንድ ጊዜ ብቻ አስነሱት። ከተነሳና ዋይፋዩ ከሰራ ማጂስክ ውስጥ ገብታችሁ ዳይሬክት ኢንስቶል በሉት፣ ካልተነሳ ሪስታርት ስታደርጉት ወደነበረበት ይመለሳል። ይሄን ሁሉም ስልክ አይቀበለውም፣ ኢኒት ቡት ፋይልም ውስጡ ከርነል ስለሌለ በዚህ መንገድ አይነሳም። ኦሪጂናሉን ፋይል ደግሞ ቢልድ ቁጥሩን ስሙ ላይ ፅፋችሁ አስቀምጡት። አውቶማቲክ ሲስተም አፕዴት የሚለውን ዴቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ አጥፉ።

ሳምሰንግ ላይ

ኤፒ ፋይሉን፣ ፈርምዌሩ ውስጥ ያለውን ዋናውን ሲስተም ፋይል፣ ስልኩ ላይ ፓች ካደረጋችሁ በኋላ ወደ ኮምፒውተር ስትመልሱት እንደ ፎቶ ጎትታችሁ ኮፒ አታድርጉት፣ ትልቅ ፋይል በዛ መንገድ ይበላሻል፣ በኤዲቢ ፑል አውጡት። መጀመሪያ ሩት ስታደርጉ ሆም ሲኤስሲ ሳይሆን ሲኤስሲ ነው፣ ዳታ ይጠፋል። ኖክስ፣ የሳምሰንግ ጥበቃ፣ ደግሞ አንዴ ከተሰበረ ኦሪጂናል ሶፍትዌር ብትመልሱም አይመለስም፣ ሴኪዩር ፎልደር የምትጠቀሙ ሰዎች ቀድማችሁ አስቡበት። "ኤስደብሊው ሬቭ ቼክ ፌይል" ካለ የጫናችሁት ፈርምዌር የቡትሎደር ቁጥሩ ከስልኩ ያነሰ ነው፣ ከቢልድ ቁጥሩ መጨረሻ ወደኋላ ስትቆጥሩ 5ኛዋን ምልክት አመሳክሩ።

ሚዲያቴክ ቺፕ ያላቸው ስልኮች ላይ፣ እባካችሁ

ኤስፒ ፍላሽ ቱል የሚባለውን መጫኛቸውን ስትጠቀሙ "ፎርማት ኦል ፕላስ ዳውንሎድ" የሚለውን አትንኩ። ኤንቪራም የሚባለው ክፍል አብሮ ይጠፋል፣ እዛ ውስጥ ነው የስልኩ አይኤምኢአይ (መለያ ቁጥሩ) ያለው፣ ከጠፋ ሲም ቢያነብም ኔትወርክ አይዝም። ዳውንሎድ ኦንሊ ብቻ። ከዛም በፊት ኤንቪራምና ኤንቪዳታን ባክአፕ አድርጉ። ሌላው ስልክ ላይ የሰራ ስካተር (የስልኩን ክፍሎች ቦታ የሚያሳይ) ፋይል ብላችሁም አትሞክሩ። ሲነሳ "ኦሬንጅ ስቴት" ብሎ 5 ሰከንድ የሚቆየው ግን ብልሽት አይደለም፣ ቡትሎደሩ ክፍት መሆኑን ነው ሚነግራችሁ።

መብራት ደግሞ ያው መቼ እንደሚሄድ አይታወቅም። ፋይል ሲጫን ባትሪ በሌለው ዴስክቶፕ አትስሩ፣ ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ፈልጉ፣ ስልኩም ከ50 ፐርሰንት በላይ ይኑረው።

ሌሎቹን ባጭሩ። የማጂስክ ሞጁል (ተጨማሪ) ከጫናችሁ በኋላ ሎጎ ላይ ከቀረ ሴፍ ሞድ አስነሱት፣ ማጂስክ ሞጁሎቹን ያጠፋቸዋል። ማጂስክ ላይ ራምዲስክ ኖ የሚል ከሆነ ፓች የሚደረገው ሪከቨሪው ነው። ሩት ያለበትን ስልክ ቡትሎደሩን መልሳችሁ አትቆልፉ፣ መጀመሪያ ሁሉም ክፍል ኦሪጂናል ይሁን፣ አለዚያ አይነሳም። የባንክ አፕ ሩት ካየ አልከፍትም ሊል ይችላል፣ ገንዘብ በምታንቀሳቅሱበት ስልክ ላይ እኔ ሩት አላደርግም። የዘጌው ሰውዬ ስልክ ሩት የተደረገውም አብረው የመጡትን አፖች ለማጥፋት ብቻ ነበር፣ ለሱ ደግሞ ሩት አያስፈልግም፣ ኤዲቢ ሼል ውስጥ ፒኤም አንኢንስቶል ዩዘር 0 በሚለው ለተጠቃሚው ማንሳት ይቻላል።

ወደ ጥገና ከመጣችሁም የጫናችሁትን ፋይል አብራችሁ በፍላሽ ይዛችሁ ኑ፣ "ምንም አልነካሁም" አትበሉ፣ ፋይሉን ካየሁት የትኛው ቢልድ እንደሆነ ለማወቅ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም፣ ካላየሁት ግን ብዙ ጊጋ ፈርምዌር በናንተ ዳታ ማውረድ ነው ሚሆነው።