ፕሩፍ (የሒሳብ ማረጋገጫ) ስትጽፉ ከየት እንደምትነሱ ለዩ
በወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ግቢ ፍሬሽማን ማትስ ለጀመራችሁ፦ ፕሩፍ ግር ቢላችሁ አብሽሩ። መጀመሪያ በረቂቅ ወረቀት ላይ «የተሰጠኝ» እና «የሚፈለግብኝ» ብላችሁ ለዩ።

«ሀ ድፍን ቁጥር ሆኖ ሀ² ተጋማሽ ከሆነ ሀም ተጋማሽ ነው» ሲባል ብዙ ተማሪ ሀ = 2መ ብሎ ይነሳል። ይሄ የሚፈለገውን እንደተሰጠ መውሰድ ነው፤ የተረጋገጠው ተገላቢጦሹ («ሀ ተጋማሽ ከሆነ ሀ²ም ተጋማሽ ነው») ብቻ ነው። ይልቅ ሀ ኢተጋማሽ ይሁን በሉ፦ ሀ = 2መ + 1፣ መ ድፍን ቁጥር። ያኔ ሀ² = 4መ² + 4መ + 1 = 2(2መ² + 2መ) + 1፤ ኢተጋማሽ ሆነ። ስለዚህ ሀ² ተጋማሽ ከሆነ ሀ ኢተጋማሽ ሊሆን አይችልም።

«መ ድፍን ቁጥር» የምትለዋን እንዳትዘሏት፤ መ ግማሽ ከሆነ 2መ + 1 ራሱ 2 ይሆናል። ሁለት ተጋማሽ ቁጥሮች ሲመጡ ደግሞ 2መ እና 2ረ በሉ፤ ለሁለቱም 2መ ካላችሁ እኩል አደረጋችኋቸው።