ኩላሊቱ በካንሰር ለወጣ ሰው፦ ሐኪም ፊት ምን ብሎ ይጀምር?

የአባቴ ግራ ኩላሊት በካንሰር ምክንያት የወጣው በ2002 ዓ.ም. ነው። አንገቱ ላይ እብጠት ያየነው በ2014 ነው። ባሕር ዳር ውስጥ የአንገት እብጠት ያየ ሁሉ «እንቅርት ነው» ይላል። ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። የአባቴ ግን ያው የኩላሊቱ ካንሰር ነበር፤ ታይሮይድ እጢው ላይ ወጥቶ።

ስለዚህ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ሂዱ ጥበበ ጊዮን፣ ከሕመሙ በፊት ታሪኩን ተናገሩ። «በዚህ ዓመት ኩላሊቴ በካንሰር ወጥቷል» በሉ። ባይጠይቋችሁም በሉ። የዓይን ወይም የጥርስ ሐኪም ቢሆንም በሉ። ይህ ካንሰር ሲመለስ አብዛኛውን ጊዜ ሳንባ፣ አጥንት፣ ጉበት ወይም አንጎል ላይ ነው። ግን ከ10 ዓመት፣ አንዳንዴም ከ20 ዓመት በኋላ ማንም ባልጠረጠረው ቦታ ብቅ ሊል ይችላል፦ ታይሮይድ፣ ቆሽት፣ የምራቅ እጢ፣ አፍንጫ ውስጥ፣ የራስ ቆዳ። አምስት ዓመት ሞላ፣ ተገላገልን ብላችሁ ክትትል አታቋርጡ።

የድሮው የፓቶሎጂ ውጤት፣ ማለትም የወጣው ኩላሊት ተመርምሮ የተጻፈው ወረቀት፣ ወርቅ ነው። እናቴ ከመሬት ደብተሩ ጋር ሳጥን ውስጥ ቆልፋ አኑራው ነበር፤ እግዜር ይስጣት። ናሙናውን በማይክሮስኮፕ የሚያየው ባለሙያ ታሪኩን ካላወቀ ከራሱ ከታይሮይዱ የተነሳ ዕባጭ ሊመስለው ይችላል። ካወቀ ግን ምንጩን የሚለይ ተጨማሪ ምርመራ ያዛል። ናሙናው አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነም ኮፒውን አያይዙ። ፎቶ አንስታችሁ ለልጆች በቴሌግራም ላኩት።

እብጠቱን ማንም እንዳይበጣው፣ እንዳይተኩሰው። የደም ሥር የበዛበት ስለሆነ ክፉኛ ሊደማ ይችላል። አፍንጫ ውስጥ ሲሆን ደግሞ በነስር ሊታይ ይችላል። በሚያዝያ ሙቀት ነስር ብርቅ አይደለም፤ በአንድ በኩል ብቻ እየተመላለሰ ከፈሰሰ ግን የአንገት በላይ ሐኪም ይየው።

በመርፌ ቀለም ተሰጥቶ ሲቲ ስካን ከመነሳት በፊት «ያለኝ አንድ ኩላሊት ነው» በሉ። ለሕመም ማስታገሻ ዲክሎፌናክ ከፋርማሲ ዝም ብላችሁ አትግዙ፤ የቀረውን ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል።

አንድ ቦታ ከተገኘ ሌላም ቦታ ይታይልን ብላችሁ ጠይቁ። ብቻውን ከሆነ በቀዶ ሕክምና ሊወጣ ይችላል፤ ካልሆነም መድኃኒቶች አሉ። የአባቴ ብቻውን ስለነበር ታይሮይዱ ወጣለት። አሁን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ የታይሮይዱን ምትክ ኪኒን ይውጣል። የዘጌ ልጅ ነውና ቡናውን ቶሎ ይፈልጋል፤ እኛ ግን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እናስጠብቀዋለን፣ ቡና መድኃኒቱ ወደ ሰውነት በደንብ እንዳይገባ ያደርጋልና።